ያለ መጋለቢያ ሜዳ የፈረስን ጀርባና አንገት ማጎልበት

ፈረሱን ደልዳላ መሬት ላይ በአራቱም እግሩ እኩል አቁሙት። አንድ ሰው ልባቡን ይዞ ፊቱ ይቁም። እናንተ ከእርግጫ ርቃችሁ፣ ሦስት ሜትር ያህል ከኋላው፣ በርጩማ ወይም ድንጋይ ላይ ወጥታችሁ ጀርባውን ተመልከቱ። አከርካሪው እንደ ሣር ቤት ክዳን ሾሎ ግራና ቀኙ ቁልቁል ከወረደ ጡንቻ የለውም ማለት ነው። ደህና ጀርባ ከአከርካሪው ወዲህና ወዲያ ሞላ ያለ ነው። ቀጥሎ በጎኑ ዞራችሁ አንገቱን እዩ። ጋማው ከሚያልቅበት ከትከሻው አናት ፊት ጭብጥ የሚያስቀምጥ ጎድጓዳ ካለ፣ በጉሮሮው በኩል ደግሞ አንገቱ ካበጠ፣ ያ ፈረስ ራሱን ሽቅብ ሰቅሎ ጀርባውን ቁልቁል ጥሎ መሄድ የለመደ ነው።

በባሕር ዳርና በዙሪያዋ ይህ ዓይነቱ ጀርባ ብዙ ነው። ጋሪ ሲጎትት የኖረው፣ ለጥምቀት ጉግስ ብቻ ከችካል ተፈትቶ ሽምጥ የሚጋለበው፣ ክረምቱን ጭቃ ላይ ታስሮ የከረመው፣ ሁሉም በየራሱ መንገድ እዚያው ይደርሳል። ይህን ለመመለስ አጥር የታጠረ፣ አሸዋ የተነጠፈበት መጋለቢያ አያስፈልግም። መለስተኛ ዳገት፣ አራት አጣና፣ የዛፍ ረድፍ፣ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውኃ፣ በሳምንት 5 ቀን ከ30 እስከ 50 ደቂቃ ጊዜ ይበቃል። እንዲያውም ለጀርባ ከጠፍጣፋ ሜዳ ይልቅ ዳገት ይበልጣል።

ጀርባን የሚያነሳው ሆድ ነው

ጥጥ የሚነደፍበትን ደጋን አስቡ። እንጨቱን አጉብጦ የያዘው ጅማቱ ነው፤ ጅማቱ ሲላላ እንጨቱ ይቃናል። በፈረስ ገላ እንጨቱ አከርካሪ፣ ጅማቱ የሆድ ጡንቻ ነው። ሆዱ ሲኮማተር የኋላ እግሮቹ ወደ ሥሩ ይገባሉ፣ ጀርባውም ይነሳል። ሁለተኛው ማንሻ በአንገት በኩል ነው። ከራስ ቅሉ ኋላ ተነሥቶ በጋማው ሥር እያለፈ የትከሻውን አናት አጥንቶች የሚይዝ ወፍራም ጅማት አለ። ፈረሱ አንገቱን ወደ ፊትና ወደ ታች ሲዘረጋ ይህ ጅማት ተወጥሮ የጀርባውን የፊት ክፍል ያነሳል። ራሱን ሲሰቅል ግን ይላላል። ያኔ ሸክሙን ለመቋቋም ረጅሙ የጀርባ ጡንቻ ራሱ ደርቆ ይቀራል፤ ዘወትር ደርቆ የሚቆይ ጡንቻ ደግሞ ደም በቅጡ ስለማይደርሰው እየሟሸሸ ይሄዳል።

ስለዚህ እያንዳንዱን ሥራ በሦስት ነገር መዝኑት፦ ዝግ ማለቱን፣ አንገቱ ነጻ መሆኑን፣ የኋላ እግሩ ከሆዱ ሥር መግባቱን። አንዱ ከጎደለ ሥራው ላብ ያወጣል እንጂ ጀርባ አይሠራም።

ከመጀመራችሁ በፊት

መጀመሪያ ሕመም ፈልጉ። ሁለት ጣታችሁን ከአከርካሪው አንድ መዳፍ ወረድ አድርጋችሁ ከትከሻው አናት እስከ ወገቡ በመጠነኛ ጫና አስኪዱ። ቆዳው ብቻ ቢንቀጠቀጥ ደህና ነው። ጀርባውን ወደ ታች ካሸሸ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ካጣበቀ፣ ሊነክስ ከዞረ ወይም ሥጋው እንደ እንጨት ከደረቀ ግን ሐኪም ሳያየው ሥራ አይጀመርም። ገጣባ ያለበት ፈረስ ቁስሉ ደርቆ አዲሱ ቆዳ እስኪጠነክር ኮርቻ አይነካውም፤ ሳይጫን በእጅ የሚሠራው ግን አይከለከልም። ጥርሱንም አሳዩ። የሾለ የመንጋጋ ጥርስ ጉንጩን የሚቆርጠው ፈረስ ልጓሙን ለመሸሽ ራሱን ይሰቅላል፤ በዚያ ላይ የበላውን አያደቅም፤ ያልደቀቀ ገብስ ፋንድያው ውስጥ ታገኛላችሁ።

ቀጥሎ ክብደት። ሚዛን አያስፈልግም፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከፊት እግሮቹ ወዲያ፣ ከትከሻው አናት ጀርባ አዙራችሁ የደረቱን ዙሪያ ለኩ። ከዚያ ከትከሻው የፊት ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ጫፍ ርዝመቱን ለኩ። ዙሪያውን በራሱ አባዙት፣ በርዝመቱ አባዙት፣ ለ11,880 አካፍሉት፤ ሴንቲሜትሩ ወደ ኪሎ ይለወጣል። ዙሪያው 145፣ ርዝመቱ 140 የሆነ ፈረስ 248 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ፈረስ ሳይጎዳ የሚሸከመው ከክብደቱ 20 በመቶ ያህሉን ነው ይባላል፣ ኮርቻውን ጨምሮ። ለዚህኛው 50 ኪሎ ማለት ነው። 65 ኪሎ የሆነ ሰው 8 ኪሎ ኮርቻ ይዞ ሲቀመጥበት 29 በመቶ ደረሰ። የአገራችን ፈረስ ትንሽ ነው፤ ጀግንነቱ ይህን ያስረሳናል። የሟሸሸ ጀርባ ላይ ይህን ጭኖ ጡንቻ መጠበቅ ከንቱ ድካም ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት ያለ ፈረሰኛ ናቸው። ከዚያ በኋላም የሚቀመጠው ከቤቱ ቀለል ያለው ሰው ቢሆን ይመረጣል።

ኮርቻ፦ የእኛ ኮርቻ እንጨቶች በጀርባው ግራና ቀኝ ሙሉ ለሙሉ መተኛት አለባቸው። ያለ ድልድል ባዶውን አስቀምጡትና መዳፋችሁን ከሥሩ ከፊት ወደ ኋላ አስገቡ። መሐል ላይ ክፍት ሆኖ ፊትና ኋላ ብቻ ከነካ ሸክሙ በአራት ነጥብ ላይ ነው ያለው። በአከርካሪው ላይ ምንም ነገር፣ ድልድሉም ቢሆን፣ ተጭኖ መተኛት የለበትም። ጎድጓዳውን ለመሙላት የታጠፈ ባና ከግራና ከቀኝ ለየብቻ ይገባል፣ መሐሉ ላይ ሳይሻገር። ከሥራ በኋላ ላቡን እዩ፤ በረጠበው መሐል ጣት የሚያህል ደረቅ ቦታ ካለ እዚያ ጋ ኮርቻው እየተጫነው ነው። በቆየ ጊዜ ነጭ ፀጉር የሚበቅለው እዚያው ላይ ነው።

በመጨረሻ መለኪያ ያዙ። ዓይን ይለምዳል፣ ሽቦ አይለምድም። 60 ሴንቲሜትር የሚሆን የሚታጠፍ ወፈር ያለ የመብራት ሽቦ ከነፕላስቲኩ ውሰዱ። ከትከሻው አጥንት 4 ጣት ወደ ኋላ ባለው ቦታ በጀርባው ላይ አጋድሙትና በሁለት እጃችሁ ጫን እያላችሁ ቅርጹን አስይዙት። ሳታወዛውዙ አንሥታችሁ ካርቶን ላይ አስቀምጡና በእስክሪብቶ ዙሪያውን ሣሉ። ኮርቻው መሐል የሚውልበት ላይ እና መጨረሻው ጎድን ላይ ድገሙት። ሦስቱን መስመሮች ቀን ጻፉባቸው። በየ4 ሳምንቱ እዚያው ካርቶን ላይ በሌላ ቀለም ስትሥሉ ለውጡን በሚሊሜትር ታዩታላችሁ። ግራና ቀኙ የተለያየ ከሆነም ገና ከመጀመሪያው ይታወቃል፤ ሁልጊዜ በአንድ ጎን የሚጎተት ወይም ፈረሰኛው አንዱን እርካብ አስረዝሞ የሚቀመጥበት ፈረስ አንዱ ጎኑ ያንሳል።

በቆመበት የሚሠራ፣ 10 ደቂቃ

ይህ ከሁሉ የሚናቀው፣ ግን ከአከርካሪው ጋር ተጣብቀው የሚገኙትን ትንንሽና ጥልቅ ጡንቻዎች የሚቀሰቅስ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት 8 ፈረሶች እንዲህ ያለውን እንቅስቃሴ በሳምንት 5 ቀን ለ3 ወር ሠርተው እነዚህ ጡንቻዎች ሲወፍሩ በአልትራሳውንድ ታይቷል።

ካሮት በቁመቱ ስንጥቅ አድርጉ፤ ድቡልቡል የተቆረጠ ያንቀዋል። ሸንኮራ ተላጦ እንደ ዱላ ቀጠን ተደርጎ ቢሰነጠቅም ይሆናል። አንድ ጎኑን ግድግዳ ወይም አጥር አስጠግታችሁ አቁሙት፤ አለዚያ አንገቱን በማጠፍ ፈንታ ዞር ብሎ ይወስደዋል። ካሮቱን እያሳያችሁ አገጩን መጀመሪያ ወደ ደረቱ፣ ቀጥሎ በሁለቱ ጉልበቶች መሐል፣ ቀጥሎ በሁለቱ ቁርጭምጭሚቶች መሐል አምጡት። ከዚያ ወደ ጎን፦ ወደ ደረት ጠፍሩ ቦታ፣ ወደ ዳሌው፣ በመጨረሻ ወደ ኋላ እግሩ መታጠፊያ። በእያንዳንዱ ቦታ 5 ሰከንድ ይቆይ፣ በየጎኑ 5 ጊዜ። በመጀመሪያው ቀን ወደ ዳሌው መድረስ የሚያቅተው ብዙ ነው። አትጎትቱት፤ ካሮቱን የደረሰበት ላይ ስጡት። የሚፈለገው ርቀቱ ሳይሆን መቆየቱ ነው። መንጭቆ ነጥቆ የሚመለስ ፈረስ ጡንቻ ሳይሆን ስርቆት ነው የሚማረው።

ሆድ ማንሳት፦ ጎኑ ላይ ቁሙ፣ ፊታችሁን ወደ ጭራው አዙሩ። የጣቶቻችሁን ጫፍ ደረት ጠፍሩ በሚያልፍበት በሆዱ መሐል መስመር ላይ አድርጉና ወደ ላይ ጫን በሉ፤ ካልመለሰ በጣት ጫፍ አከክ አድርጉት። የትከሻው አናት በጣት ስፋት ሲነሳ ታያላችሁ። 5 ሰከንድ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፣ 5 ጊዜ። የሚኮረኩረው ፈረስ በኋላ እግሩ ወደ ሆዱ ሊመታ ይችላል፤ ስለዚህ በመጀመሪያ በመዳፍ እያሻሻችሁ አለማምዱት። ብዕርም ሆነ ጥፍር አያስፈልግም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ፈረሱ 10 ደቂቃ በእርምጃ ይሙቅ። የቀዘቀዘ ጡንቻ በማለዳ ሲሳብ ይታመማል።

በእጅ እየመሩ፦ መንገድ፣ ዛፍ፣ ወደ ኋላ

ለዚህ ሥራ ልጓም አታድርጉ። በተለይ ታችኛውን መንጋጋ በቀለበት የሚይዘው የአገር ልጓም ፈረስን ለማቆም ነው የተሠራው፤ በነካ ቁጥር ራስ ይሰቀላል። ልባብና 3 ሜትር ገመድ በቂ ነው።

ከትከሻው አጠገብ ሆናችሁ በሚነቃ እርምጃ ሂዱ። በየ15 እርምጃው ቁሙ፣ ሦስት ቁጠሩ፣ ወዲያው ሂዱ። መቆምና መነሳት ቀላል ይመስላል፤ ግን በየመነሳቱ የኋላ እግሩ ክብደቱን ከሥሩ ገፍቶ ማንሳት አለበት። በ20 ደቂቃ ውስጥ 30 ጊዜ ሲደጋገም ሰው ቁጢጥ ብሎ እንደሚነሣው ነው የሚሆነው። ሲቆም አንገቱን ለቅቆ ዝቅ ካደረገ ደግ ምልክት ነው።

ወደ ኋላ ማስኬድ፦ በመጀመሪያው ሳምንት 4 እርምጃ ሦስት ጊዜ፣ በአራተኛው ሳምንት 10 እርምጃ ሦስት ጊዜ። ቀጥ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ። ደረቱን በጣት ነካ አድርጋችሁ ነው የምታስነሡት፤ አፍንጫውን ገፍታችሁ ካስኬዳችሁት ራሱን ይሰቅልና ወገቡን ይሰብራል፤ ያ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። ሰኮናውን መሬት ላይ እየጎተተ ከሆነ ደክሟል፣ አቁሙ።

የዛፍ ረድፍ እንደ ልብ ነው፤ የባሕር ዛፍ ዳር፣ የማንጎ ማሳ፣ የመንገድ ዳር ግራቪሊያ። በመሐላቸው ከ6 እስከ 8 ሜትር ካለ እባብ እንደሚሄድ እየተጠማዘዛችሁ እለፉ። ከዚያ የጠበበ ዙር ለመገጣጠሚያው ከባድ ነው። በመታጠፊያው ላይ የጎድን አጥንቱን በእርካቡ ቦታ ላይ በጣት ነካ ብታደርጉት የውስጠኛው የኋላ እግሩ በሌላው ፊት ያቋርጣል። ሦስት አራት ማቋረጥ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ መሄድ። ይህ የሆዱን ጎንና የዳሌውን ጡንቻ ይሠራል፣ ግራና ቀኙንም ያመጣጥናል። ያነሰው ጎን አንድ ዙር ይጨመርለት፣ ሁለት አይደለም።

በረጅም ገመድ እያዞሩ ማስሮጥን ብዙ ሰው ይወዳል። መሬቱ የታጨደ የጤፍ ማሳ ሆኖ፣ ባለቤቱ ፈቅዶ፣ የዙሩ ስፋት ከዳር እስከ ዳር ከ15 ሜትር ካላነሰ፣ ከ15 ደቂቃም ካላለፈ ይሁን። በተረፈ ግን ለዚህ ዓላማ ቀጥ ብሎ መሄድን የሚያህል የለም።

አጣና

ውፍረቱ 10 ሴንቲሜትር ያህል፣ ርዝመቱ 3 ሜትር የሆነ የባሕር ዛፍ አጣና አራት ግዙ። ቅርፊቱን ልጣችሁ ቋጠሮውን በመጥረቢያ አለስልሱት። እንዳይንከባለል በሁለቱ ጫፍ ጠጠር ውተፉለት፤ ፈረስ ተንከባላይ እንጨት ከረገጠ ቁርጭምጭሚቱ ይጠመዘዛል።

ርቀቱን በመጽሐፍ ላይ ካለ ቁጥር አትውሰዱ፤ ያ ለትልልቅ የውጭ ፈረሶች ነው። ሐይቁ ዳር ወደ እርጥብ ጠንካራ አሸዋ ወይም ዝናብ ያረሰረሰው አፈር ላይ ፈረሱን በሚነቃ እርምጃ አሳልፉትና ዱካውን ለኩ። ከግራ የኋላ ሰኮናው ዱካ እስከዚያው እግር ቀጣይ ዱካ ያለው ርቀት ለሁለት ሲካፈል በአጣናዎቹ መሐል የሚኖረው ስፋት ነው። 130 ሴንቲሜትር ቁመት ላለው ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ65 እስከ 75 ሴንቲሜትር ይመጣል። በሶምሶማ ያው ልኬት ከ1 ሜትር እምብዛም አይርቅም። እዚያው ሳላችሁ ሌላም ነገር አንብቡ፦ የኋላ ሰኮናው የፊተኛውን ዱካ ከረገጠ ወይም ካለፈ ጀርባው እየሠራ ነው፤ አንድ መዳፍ ወደ ኋላ ከቀረ እየጎተተ ነው። ዱካ ያልታየበት ሥራ በግምት ነው።

መጀመሪያ አንድ አጣና፣ ሁለተኛ ቀን ሁለት፣ በሳምንቱ አራት። ከ8 እስከ 10 ጊዜ ማለፍ ለአንድ ቀን ይበቃል። ገመዱን ላላ አድርጉት፤ አጣናውን ለማየት አንገቱን ዝቅ ማድረግ አለበት፣ የሥራው ግማሽ ጥቅም ይኸው ነው። በአምስተኛው ሳምንት የመጀመሪያውን አጣና ግራ ጫፍ፣ የሁለተኛውን ቀኝ ጫፍ እያላችሁ 15 ሴንቲሜትር ድንጋይ ላይ አንሡ። ሰኮናው አጣናውን መንካት ከጀመረ ስፋቱ ተሳስቷል ወይም ፈረሱ ደክሟል። ሁለቱን ለመለየት በማግስቱ ገና ሳይደክም ሞክሩት፤ ያኔም ከነካ ስፋቱን አስተካክሉ።

ዳገት

ከተማው ሜዳ ስለሆነ ዳገት መፈለግ ይጠይቃል። በቤዛዊት ኮረብታ ሥር ያለው መንገድ፣ የዘጌ የቡና ጫካ መውጫዎች፣ ባይሆን የመንገድ ግንብ ዳር ወይም የመስኖ ቦይ ጉብታ ይሆናል። ተስማሚው ዳገት በ10 ሜትር ርቀት ከግማሽ እስከ 1 ሜትር ከፍ የሚል ነው። ከዚያ የቆመ ዳገት ፈረሱን ያዘልለዋል፤ ሲዘል የሚወጣው በፍጥነቱ ግፊት እንጂ በጡንቻው ጉልበት አይደለም።

በእርምጃ ብቻ ይውጣ። 60 እርምጃ ያህል ወጥቶ፣ ዞሮ ቀስ ብሎ ይውረድ፤ ይህ አንድ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 3፣ በየሳምንቱ አንድ እየጨመራችሁ እስከ 8። ቁልቁለቱን አትናቁ፤ በየ10 እርምጃው እያቆማችሁ ስታወርዱት ክብደቱን ወደ ኋላ እግሩ መመለስን ይማራል፣ የወገቡና የሆዱ ጡንቻም ይሠራል። ዘጌ ላይ ግን ሥሩና ድንጋዩ ያዳልጣል፤ ዝናብ በዘነበ ማግስት አትውጡ።

ውኃ

ጣና ዳር ሆኖ ውኃ አለመጠቀም ይቆጫል፣ ግን ጥልቀቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውኃ ፈረሱ እግሩን ከፍ አድርጎ እንዲያነሳ ያደርገዋል። እስከ ጉልበቱ የሚደርሰው ደግሞ እየገፋው ይከብደዋል። ከሆዱ በላይ ሲሆን ራሱን ለማትረፍ አንገቱን ይሰቅላል፣ ጀርባው ቁልቁል ይወርዳል፤ ለፈረስ ጀርባ ዋና አይደለም የምንፈልገው። ሥሩ አሸዋ ወይም ጠጠር ይሁን፣ ረግረግና ደንገል ያለበት አይሁን። 2 ደቂቃ ሄዶ 2 ደቂቃ ወጥቶ፣ ሦስት ጊዜ፤ በሁለት ወር 15 ደቂቃ ድረስ። በበጋ እንደ አንዳሳ ያሉ ወንዞች መሻገሪያ ከሐይቁ ዳር ይልቅ ጥርት ያለ መሬት አላቸው።

አደጋዎቹን አስቀድማችሁ እወቁ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፤ ሲመሽና ጎሕ ሲቀድ ለግጦሽ ስለሚወጣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከ11 ሰዓት በኋላ ዳር ላይ አትሁኑ። እምቦጭ የሸፈነውን ዳር ሥሩ ስለማይታይ ተዉት፤ የተጣለ መረብም እግር ያስራል። አልቅት ሊገባበት ስለሚችል ውስጡ እያለ አይጠጣ፤ ከአፉ ወይም ከአፍንጫው ያለ ምክንያት ደም ከታየ ምላሱን ሥር አስፈትሹ። ቢልሃርዝያ ስላለ ደግሞ የምትመሩት ሰዎች ቦት ጫማ አድርጉ።

ሲቀመጡበት

ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ 15 ደቂቃ፣ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እየጨመሩ። ከመሬት እርካብ ረግጦ መንጠልጠል ጀርባውን ወደ አንድ ጎን ያጣምመዋል፤ ከድንጋይ ወይም ከካብ ላይ ውጡ። የመጀመሪያው 10 ደቂቃ ዛቡ ረጅም ሆኖ በእርምጃ ነው። ዛቡን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ስትለቁ ፈረሱ እጃችሁን ተከትሎ አፍንጫውን ወደ ፊትና ወደ ታች ከዘረጋ ትክክል ነው። አፍንጫው ሁልጊዜ ከግንባሩ ፊት ይቅደም። ዳገት ላይ ከወገባችሁ ወደ ፊት ዘንበል ብላችሁ ጋማውን ያዙ እንጂ በዛቡ አትደገፉ።

ከዘጠነኛው ሳምንት ወዲህ ሶምሶማ ይግባ፤ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ ከ6 እስከ 8 ጊዜ፣ በለስላሳ አፈር መንገድ። አስፋልት ላይ አይሁን። ግልቢያና ጉግስ እስከ 12 ሳምንት ይቆዩ። ሽምጥ ጋልቦ ድንገት በልጓም ማቆም ሁለት ወር የተሠራውን ጀርባ በአንድ ከሰዓት ያሳምመዋል። 4 ዓመት ያልሞላውን ውርንጭላ በእጅ ብቻ አሠሩት፤ የአከርካሪው አጥንት እድገት የሚያበቃው ከ5 ዓመት በኋላ ነው።

ሳምንቱን እንዲህ አከፋፍሉት፦ ሁለት ቀን ዳገት፣ አንድ ቀን አጣና፣ አንድ ቀን ረጅም የእርምጃ ጉዞ፣ አንድ ቀን ውኃ ወይም ዛፍ። በቆመበት የሚሠራው በአምስቱም ቀን አለ። ዳገት በተከታታይ ቀን አይደገም፤ ጡንቻ የሚያድገው በማረፊያው ቀን ነው። ማረፍ ማለት ግን በአጭር ገመድ ችካል ላይ መዋል አይደለም፣ እየተዘዋወረ ይጋጥ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዋልካው ሰኮና ሲውጥ አጣናውንና ዳገቱን ወደ ቀይ አፈር ወይም ጠጠር መንገድ አምጡ፤ ያም ካልተገኘ በቆመበት የሚሠራውንና ወደ ኋላውን ብቻ ቀጥሉ።

መኖ

ጡንቻ ከጭድ አይሠራም። የጤፍ፣ የዳጉሳና የፎገራ ሩዝ ጭድ ሆድ ይሞላሉ፣ ፕሮቲናቸው ግን ጥቂት ነው። 248 ኪሎ ለሆነው ፈረስ በቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎ ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ቢያንስ ግማሹ ጥሩ የሣር ድርቆሽ ይሁን። በላዩ 1 ኪሎ የደረቀ አልፋልፋ ወይም 300 ግራም የኑግ ፋጉሎ ይጨመር። ተቆልቶ የተፈጨ አኩሪ አተር ከተገኘ ከኑግ ይሻላል፤ ኑግ ጡንቻ የሚሠራበት ላይሲን የሚባለው ያንሰዋል። ጥሬ አኩሪ አተር ግን አይሰጥም። ገብስ ተከክቶ ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ፣ ለሁለት ተከፍሎ። ጨው ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል፣ በሚያልበው ቀን ሦስት። አዲስ መኖ በ10 ቀን እየተለመደ ይግባ። ፉርሽካ ብቻውን ካበዛችሁ ፎስፈረሱ ካልሲየሙን ይበልጠውና አጥንት ይጎዳል፤ አልፋልፋ ይህን ያመጣጥናል።

ጓያ በምንም መልኩ አትስጡ። ለከብት የሚያበሉት አሉ፤ ፈረስ ግን በተለይ ይጎዳበታል፣ የኋላ እግሩን ያሰንፈዋል፣ ጉሮሮውን ሽባ አድርጎ ሲሮጥ ያፏጨዋል። መራራ ግብጦም በጥሬው መርዝ ነው። በዩሪያ የታከመ ጭድና የዶሮ መኖ ከፈረስ ይራቁ፤ በዶሮ መኖ ውስጥ የሚገባ አንዳንድ መድኃኒት የፈረስን ልብ ያቆማል። መኖው መሬት ላይ፣ ጆንያ ተነጥፎ ይቅረብ እንጂ ከፍ ባለ ገንዳ አይሁን፤ በቀን ብዙ ሰዓት አንገቱን ዝቅ አድርጎ መብላቱ ራሱ ሥራ ነው።

የሚበላሸው የት ላይ ነው

ራሱን በገመድ ወደ ደረቱ ጎትቶ ማሰር አንገት ያሳመረ ይመስላል። የሚታጠፈው ግን አንገቱ መሐል ላይ ነው፤ ጋማው ሥር ከራሱ በታች ጉብታ ይወጣል፣ ትከሻው አናት ፊት ያለው ጎድጓዳ ግን እንዳለ ይቀራል። ጀርባውም አይነሳም።

ስብን ጡንቻ ማለት ሁለተኛው ነው። ጋማው ሥር በእጅ ሲያዝ የሚወዛወዝ፣ ወደ አንድ ጎን የሚያጋድል ስብ ነው፤ ጡንቻ ሲያዝ ጽኑ ነው፣ ሲሄድ ሲኮማተር ይታያል። ስብ የሚመጣው ገብስ ጨምሮ ሥራ ካነሰ ነው።

በማረፊያ ቀን ገብሱን በግማሽ ቀንሱ። ሙሉ ገብስ በልቶ አርፎ በማግስቱ ወደ ዳገት የወጣ ፈረስ ወገቡ ይደርቃል፣ ያልበዋል፣ አንድ እርምጃ መሄድ እምቢ ይላል፣ ሽንቱ እንደ ቡና ይጠቁራል። ይህ ሲሆን እዚያው አቁሙት፣ ልብስ አልብሱት፣ ውኃ አቅርቡ፣ ሐኪም ጥሩ። ወደ ቤት እየነዱ መውሰድ ጡንቻውን የባሰ ያፈርሰዋል።

ሦስት ሳምንት ሆኖት ለውጥ አላየሁም ብሎ ሥራ መጨመር ደግሞ የትዕግሥት ማጣት ነው። ትንፋሹ በ3 ሳምንት ይሻሻላል፣ ጡንቻው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል፣ የእግር ጅማትና አጥንት ከ6 ወር በላይ። ትንፋሹ ስለጠነከረ ብቻ የፈረሱን ሥራ የሚያከብድ ሰው ፈረሱን ያስነክሰዋል።

በ12ኛው ሳምንት ሽቦውንና ካርቶኑን አምጡ። ከትከሻው ኋላ ያለው መስመር ከሰፋ ኮርቻው በፊት ከነበረው ልኩ ጠቦበታል። የሞላችሁትን ባና አውጡ፣ እንጨቱን ደግማችሁ በመዳፋችሁ ፈትሹ፣ ከጠበቀ ኮርቻ ሠሪ ዘንድ አድርሱት።